ሦስት ከዐሥር

አጎቴን ከድንገተኛ ክፍል ይዣቸው የወጣሁት ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ነው። የገባነው ከምሽቱ 4 ሰዓት ነበር። መኪና ውስጥ ቀበቷቸውን እያሰሩ ያሉኝ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ፦ «ስድስት ሰዓት ሙሉ ገመድ ለጣጥፈውብኝ፣ ሁለቴ ደሜን ቀድተው፣ መጨረሻ ላይ ‹ምንም የለብዎትም፣ ቤትዎ ይሂዱ› ይሉኛል? ምንም ከሌለብኝ መጀመሪያውኑ አይነግሩኝም ነበር?»

ሳቄን ዋጥ አድርጌ ነዳሁ። ጥያቄያቸው ግን ቤት ድረስ ተከትሎኝ ገባ፤ ለሳምንታትም አልወጣም። እውነትም አንድ ሐኪም «ምንም የለብዎትም» ለማለት ምን ያህል ማወቅ አለበት? ማንበብ ስጀምር ጉዳዩ እንዲህ ጥልቅ ነው ብዬ አልጠበቅኩም። እስቲ እናንተም አብራችሁኝ ግቡበት።

ድንገተኛ ክፍል ሲባል ሁላችንም የሚታየን አምቡላንስ፣ ደምና የሚሮጥ ነርስ ነው። በሩ ላይ የሚሰለፈው ሰው ግን በአብዛኛው እንደዚያ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ብቻ በዓመት ከ6 ሚሊዮን በላይ ጊዜ ሰው «ደረቴን አመመኝ» ብሎ ድንገተኛ ክፍል ይገባል። የልብ ደም ሥሩ ተደፍኖ ወይም ሊደፈን ተቃርቦ የሚገኘው ከአምስቱ አንዱ እንኳ አይሞላም። የቀረው ቃር ነው፣ የጡንቻ ሕመም ነው፣ ጭንቀት ነው፤ አንዳንዱም ምን እንደነበር ሳይታወቅ መጥቶ የሚሄድ ነው። ጣጣው ሁሉም በሩ ላይ ሲደርሱ መልካቸው አንድ መሆኑ ነው፤ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ ፊታቸው ተቋጥሮ። ሁሉንም ላስተኛ ያለ ሐኪም አልጋ ያልቅበታል። ሁሉንም ልሸኝ ካለ አንዱ ቤቱ ሳይደርስ ይወድቃል።

አንድ የሚያምታታ ነገር አለ፤ እሱን ቶሎ ላጥራው። ትሪያጅ የሚባለው፣ በር ላይ ነርሷ ግፊትና ሙቀት ለክታ ቀለም የምትሰጥበት፣ ማን ቅድሚያ ያግኝ ለሚለው ጥያቄ መልስ ነው። ሐሳቡ ከናፖሊዮን የጦር ሐኪም ከዶሚኒክ ላሬ ጀምሮ የመጣ ነው። ለምሳሌ በደቡብ አፍሪካው መለኪያ ቀይ የተሰጠው ወዲያው ይታያል፣ ብርቱካናማ በ10 ደቂቃ፣ ቢጫ በአንድ ሰዓት፣ አረንጓዴ በአራት ሰዓት ውስጥ። አረንጓዴ ማለት እንግዲህ «ጠብቅ» ማለት ነው፤ «ሂድ» ማለት አይደለም። እኔን የያዘኝ ሁለተኛው ጥያቄ ነው፤ ማንን ያለ ስጋት መሸኘት ይቻላል የሚለው።

ከደረት በፊት ከእግር ልጀምር፤ ነገሩ እዚያ ላይ በጣት ይዳሰሳል።

ወለምታ ያልደረሰበት ሰው የለም። ደረጃ ይስታል፣ ቁርጭምጭሚት ይታጠፋል፣ እግር እንደ ዳቦ ያብጣል። እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የማወራው) ካናዳ ውስጥ እንዲህ ሆኖ የመጣ ሁሉ ማለት ይቻላል ራጅ ይነሳ ነበር። ተሰብሮ የሚገኘው ግን ከመቶው ዐሥራ አምስት አይሞላም። ኢያን ስቲል የሚባል የኦታዋ የድንገተኛ ሕክምና ሐኪም ይህ ነገር ከነከነው። ከባልደረቦቹ ጋር በሁለት ሆስፒታሎች 750 ሰዎችን ይዞ፣ ራጁ ሳይታይ በፊት ከእያንዳንዱ 32 ነገር መዘገበ፤ የት አበጠ፣ የት ሲነካ አመመ፣ ረግጦ መሄድ ቻለ ወይ፣ እንዲህ እንዲህ እያለ። ከዚያ ከራጁ ጋር አመሳከረ። ከ32ቱ የሚጠቅሙት በጣት የሚቆጠሩ ሆኑ። ውጤቱ በ1992 ታተመ፤ ዛሬ የኦታዋ የቁርጭምጭሚት ደንብ ይሉታል።

ጫማችሁን አውልቁና እንሞክረው። በውጭ በኩል ያለችውን ጉብ ያለች የቁርጭምጭሚት አጥንት ያዙ። ከታችኛው ጫፏ ተነስታችሁ፣ በኋለኛው ጠርዟ በኩል ወደ ላይ 6 ሴንቲ ሜትር ያህል በአውራ ጣታችሁ ጫን ጫን እያላችሁ ውጡ። ፊት ለፊቷ ያለውን ለስላሳ ቦታ ተዉት፤ ወለምታ የሚያብጠው እዚያ ስለሆነ ሁሉንም ሰው ያመዋል፣ ምንም አይለይም። የሚጠየቀው አጥንቱ ራሱ ነው። የውስጠኛዋንም እንደዚሁ። ከዚያ ተነሱና አራት እርምጃ ሂዱ፤ ማነከስ ይፈቀዳል። ከአጥንቱ ጠርዝ አንዱ ሲጫኑት ካመመ፣ ወይም በወደቃችሁበት ሰዓትም ሐኪሙ ፊትም አራቱን እርምጃ መራመድ ካልቻላችሁ ራጅ ያስፈልጋል። ሁለቱም ከሌሉ አያስፈልግም። የመርገጫው አጥንቶች የራሳቸው ሁለት ነጥብ አላቸው፤ አልፋቸዋለሁ። ደግሞ ለትንንሽ ልጆች፣ ለሰከረ ሰውና ስኳር እግሩን ላደነዘዘበት አይሠራም፤ ሲጫኑት አለማመሙ ምንም አይናገርምና።

ይህን ሳነብ የታወሰኝ ወጌሻ ነው። ወጌሻም እኮ የሚያደርገው ይሄንኑ ነው፤ ቅቤውን ቀብቶ በአውራ ጣቱ አጥንት ያዳምጣል፣ «ወለምታ ነው» ወይም «ስብራት ነው» ይላል። ስቲል የጨመረው አንድ ነገር ቢኖር ጣቱ የተሳሳተበትን ጊዜ መቁጠሩ ነው። ወጌሻ የተሳሳተበት ሰው ሌላ ወጌሻ ጋ ስለሚሄድ አይቆጠርም።

ቆጠራው በኦታዋም አላበቃም። በ2003 ከልዩ ልዩ አገር የተሰበሰቡ 27 ጥናቶች አንድ ላይ ሲታዩ፣ ከ15 ሺህ ከሚበልጡ ሰዎች መካከል ስብራት ኖሮበት ደንቡ ያሳለፈው 47 ሰው ብቻ ነበር። በደንቡ የሚሠራ ሆስፒታል ደግሞ ከሚያነሳው የቁርጭምጭሚት ራጅ ሲሶውን ያህል ይተዋል።

አሁን ቁም ነገሩ ጋ ደረስን። ደንቡ «ራጅ ተነሱ» ከሚላቸው ሰዎች አብዛኞቹ አጥንታቸው ደህና ሆኖ ይገኛል። ታዲያ ይህ ምን የሚሉት ደንብ ነው? የግቢ ውሻ አስቡ። ድመት ስታልፍ ይጮሃል፣ ቆርቆሮ ሲንኳኳ ይጮሃል፣ ለሌባም ይጮሃል። ጩኸቱ ብዙ ወሬ የለውም። ሌሊቱን ሙሉ ዝም ካለ ግን ማንም አጥር እንዳልዘለለ እርግጠኛ ሆናችሁ ትተኛላችሁ። የዚህ ውሻ ዋጋ ዝምታው ላይ ነው። ሐኪሞቹ ይህን ጠባይ ሴንሲቲቪቲ ይሉታል። ሰው ለመሸኘት የሚፈለገው እንዲህ ያለ ጩኸታም ውሻ ነው። የሚጮኸው ለሌባ ብቻ የሆነ ጨዋ ውሻ ደስ ይላል፤ ግን አንድ ቀን ለሌባም ዝም ቢልስ? ዝምታውን በምን ታምኑታላችሁ?

ጭንቅላቱን ተመትቶ የመጣ ሕፃን ሲቲ ስካን ሳይነሳ ሲሸኝ እናቶች «ሳያዩት ሰደዱት» ብለው የሚናደዱት እዚህ ላይ ነው። በ2009 በሰሜን አሜሪካ 25 ድንገተኛ ክፍሎች ከ42 ሺህ በላይ ልጆችን ተከታትለው ያወጡት ተመሳሳይ ደንብ አለ። ሐኪሙ «ራሱን ስቶ ነበር? እንደወትሮው ነው የሚጫወተው?» እያለ የሚጠይቀው ወሬ ለማሳመር አይደለም፤ ውሻው ይጮህ እንደሆነ እያዳመጠ ነው። የሲቲ ጨረር ደግሞ ለሚያድግ ልጅ በከንቱ የሚሰጥ ነገር አይደለም።

ወደ ልብ እንምጣ። ያመለጠ ስብራት ቢበዛ በሳምንቱ እያነከሰ ተመልሶ ይመጣል። ያመለጠ ልብ ላይመለስ ይችላል። በ2000 የታተመ አንድ ትልቅ ጥናት በአሜሪካ 10 ሆስፒታሎች 10,689 ሰዎችን ተከታትሎ ነበር። የልብ ጡንቻቸው ደም ተቋርጦበት እየሞተ የነበረ፣ ማለትም ሀርት አታክ የያዛቸው 889 ሲሆኑ፣ 19ኙ ወደ ቤት ተልከዋል። በመቶ ሲሰላ 2 ግድም ነው። የተላኩት ሰዎች የመሞት ዕድል ከተኙት ጋር ሲነጻጸር እጥፍ ያህል ነበር። ማን እንዳመለጠ ስታዩ ደግሞ ይበልጥ ይቆረቁራል፦ ከ55 ዓመት በታች የሆኑ ሴቶች፣ ነጭ ያልሆኑ ሰዎች፣ ደረቴን ሳይሆን ትንፋሽ አጠረኝ ያሉ፣ ኢሲጂያቸው (የልባቸው የኤሌክትሪክ ንባብ) ደህና የመሰለ። በሌላ አነጋገር፣ «የልብ በሽተኛ» ሲባል ሐኪሙ በዓይነ ሕሊናው ከሚያየው ሰው ጋር ያልተመሳሰሉት።

በ2008 ሲክስና ባኩስ የተባሉ የኔዘርላንድ ሐኪሞች ከባልደረባቸው ጋር ሆነው አንድ ቀላል ነጥብ አሰጣጥ አወጡ። ስሙ ሃርት ነው፤ በእንግሊዝኛ ልብ ማለት ሲሆን ፊደሎቹ የአምስት ነገሮች መነሻ ናቸው፦ የሕመሙ ታሪክ፣ ኢሲጂ፣ ዕድሜ፣ አጋላጭ ነገሮችና ትሮፖኒን። ለእያንዳንዱ 0፣ 1 ወይም 2 ይሰጣል፤ ጠቅላላው ከ10 ነው። አዲስ ለተወለደ ሕፃን የሚሰጠውን የአፕጋር ነጥብ የምታውቁ አሠራሩን ትለዩታላችሁ፤ እዚያ ግን 10 የሚያስደስት ነው፣ እዚህ የሚያስደነግጥ። ከ0 እስከ 3 ያመጣ አነስተኛ ስጋት ያለበት ይባላል።

አጎቴን ልቁጠርላችሁ። ኢሲጂው ደህና ነው፤ 0። ዕድሜ ከ45 በታች 0፣ ከ45 እስከ 64 አንድ፣ 65 እና ከዚያ በላይ ሁለት ነው፤ እሳቸው 62 ስለሆኑ 1። አጋላጭ የሚባሉት ደም ግፊት፣ ስኳር፣ ኮሌስትሮል፣ ሲጋራ፣ ከመጠን ያለፈ ውፍረትና በቤተሰብ ያለ የልብ ሕመም ናቸው፤ እሳቸው ግፊት ብቻ አለባቸው፣ 1።

ትሮፖኒን የልብ ጡንቻ ውስጥ የሚኖር ፕሮቲን ነው። ጡንቻው ሲጎዳ እየፈሰሰ ደም ውስጥ ይገባል። አጎቴን ያናደደቻቸው ሁለተኛዋ መርፌ ምክንያቷ ይሄ ነው፤ መፍሰሱ ጊዜ ይፈልጋል። ሕመሙ በጀመረ በአንድ ሰዓት ውስጥ የተቀዳ ደም ንጹሕ ቢመስል ልቡ አልተጎዳም ማለት አይደለም፤ ገና አልደረሰ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቆይቶ፣ ብዙ ቦታ ከሦስት ሰዓት በኋላ፣ እንደገና ይቀዳል። አሁን አሁን በጣም ጥቂቱን የሚይዝ ምርመራ ስለመጣ በአንድና በሁለት ሰዓት የሚጨርሱ ሆስፒታሎች አሉ። እኛ የሄድንበት በአሮጌው ሰዓት ነው የሚሠራው መሰለኝ። ለማንኛውም ሁለቱም ጊዜ ንጹሕ ሆነ፤ 0።

የቀረው የሕመሙ ታሪክ ነው፤ እዚህ ላይ ግን ላባችን ነው የወጣው። እዚህ ባዕድ አገር የማስተረጉምላቸው እኔ ነበርኩ፤ ነርሷ ምን እንደሚሰማቸው ስትጠይቅ አጎቴ «ብርድ መትቶኝ ነው» አሉ። እኔም ዝም ብዬ ቃል በቃል ተረጎምኩት። ነርሷ ጉንፋን መስሏት ሳል አለ ወይ ብላ ጻፈች! ሐኪሙ ሲመጣ ደግሞ «ውጋት» አሉት። ውጋትን እንደ መርፌ የሚወጋ ብላችሁ ከተረጎማችሁት ጥርጣሬው ይቀንሳል፤ ልብ ብዙውን ጊዜ እንደዚያ አይወጋም። ቆይተው ግን ጡጫቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «እንዲህ ጨምድዶ ይዞኝ ለቀቀኝ» ሲሉ ሐኪሙ ቀና አለ። ያ ምልክት በየትኛውም ቋንቋ አንድ ነው። ላብ አልነበራቸውም፣ ወደ ክንድም አልሄደም፤ ስለዚህ መካከለኛ ጥርጣሬ ብሎ 1 ሰጣቸው። ከአምስቱ ሁሉ በቃል ላይ የቆመ፣ አስተርጓሚ ይበልጥ ሊያበላሸው የሚችል ይህ ነው። የእንግሊዝኛዬ ጉድለት ሳይሆን የአማርኛችን ሀብት ነው ያስቸገረኝ፤ ብርድ፣ ውጋት፣ ማቃጠል፣ መጨምደድ፣ «ልቤን ፈሰስ አደረገኝ»። አብራችሁ ለማስተርጎም የምትሄዱ ሰዎች፣ ቃሉን ከመቀየራችሁ በፊት «እስቲ በእጅዎ ያሳዩኝ» በሉ።

ድምሩ 3 ሆነ። በመኪና ውስጥ ስነግራቸው አጎቴ «ሦስት ከዐሥር? በእኛ ጊዜ ይህን ያመጣ ተማሪ ይገረፍ ነበር» አሉ።

ሦስት ማለት ግን ዜሮ አይደለም። በ2013 በኔዘርላንድ 10 ሆስፒታሎች 2,440 ሰዎች ላይ ሲፈተሽ፣ ከ0 እስከ 3 ካመጡት መካከል በስድስት ሳምንት ውስጥ ሀርት አታክ የያዘው፣ የልብ ደም ሥር ሕክምና ያስፈለገው ወይም የሞተ 1.7 በመቶ ነበር። 7 እና ከዚያ በላይ ካመጡት ግን ግማሾቹ ይህ ደርሶባቸዋል። 1.7 በመቶ ትንሽ ነው? ከ60 ሰው አንድ ማለት እኮ ነው። የድንገተኛ ሐኪሞች ምን ያህል ቢያመልጥ ይቀበሉ እንደሆነ ሲጠየቁ አብዛኞቹ ከመቶ አንድ በታች ብለዋል። ለዚህ ነው በሰሜን ካሮላይና ያሉ ሐኪሞች ነጥቡ ላይ የሦስት ሰዓቷን ሁለተኛ ደም የጨመሩት። በ2015 ባወጡት ጥናት 282 ሰዎችን ለሁለት ከፍለው ሲሞክሩት፣ በዚህ መንገድ ቶሎ ከተሸኙት በአንድ ወር ውስጥ አንድም ሰው አላመለጣቸውም። የአጎቴ ስድስት ሰዓት እዚያ ነው የሄደው፤ «ምናልባት የለብዎትም»ን ወደ «የለብዎትም» ለማሻገር።

ለምን እስከ ዜሮ አይወርዱም? ይህን ጥያቄ ለብዙ ጊዜ አብሰልስዬዋለሁ። መልሱ ምርመራም ራሱ ይጎዳል የሚል ነው። ምንም የሌለበት ሰው ላይ ሌላ ምርመራ በጨመራችሁ ቁጥር የሐሰት ጩኸት ይመጣል፤ ከሐሰት ጩኸቱ ጨረር፣ ከጨረሩ ቀጥሎ በደም ሥር የሚገባ ቱቦ፣ ከቱቦው መድማት። ጄፍሪ ክላይን የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም የሳንባ ደም ሥር መርጋትን በተመለከተ ይህን አስልቶታል፤ ስጋቱ ከ1.8 በመቶ በታች ከሆነ ምርመራው ከሚያድነው ይልቅ የሚጎዳው ያመዝናል። ከዚያ መስመር በታች ያለን ሰው መመርመር ጥንቃቄ ይመስላል እንጂ አይደለም። እኔ ይህን ለማመን ጊዜ ወስዶብኛል። ብዙ የመረመረ ጥሩ ሐኪም ነው ብዬ ነው ያደግኩት።

ከሁሉ የወደድኩት ግን የማዮ ክሊኒክ ሐኪሞች ያደረጉት ነው። አንድ ገጽ ወረቀት ላይ 100 ትናንሽ ምልክቶች ደርድረው፣ «እንደ እርስዎ ያሉ 100 ሰዎች ቢመጡ በሚቀጥሉት ቀናት ይህን ያህሉ የልብ ችግር ይገጥማቸዋል፣ የቀሩት አይገጥማቸውም» ብለው በሽተኛው ፊት አስቀመጡት። ከዚያ አብረው ይወስናሉ፤ ማደር ነው ወይስ ቤት ሄዶ በቀጠሮ መታየት። በ2016 በታተመው ጥናት በስድስት ድንገተኛ ክፍሎች 898 ሰዎች ላይ ሲሞከር፣ ወረቀቱን ካዩት ለክትትል ያደሩት 37 በመቶ፣ ካላዩት 52 በመቶ ነበሩ። ሰው ቁጥሩ ሲነገረው አይደነግጥም ማለት ነው፤ የሚያስደነግጠው አለመነገሩ ነው።

አገር ቤትስ? ኢትዮጵያ ውስጥ የድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊስት ማሠልጠን የተጀመረው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2010 ነው፤ ሙያው ገና ወጣት ነው። የኦታዋው ደንብ አውራ ጣትና አራት እርምጃ ብቻ ስለሚፈልግ ራጅ ሩቅ ለሆነበት ጤና ጣቢያ ሁሉ የሚመች ይመስለኛል። ሃርት ግን ትሮፖኒን ከሌለ ይጎድላል። ደግሞም ኔዘርላንዳውያን ላይ የተቆጠረ ውሻ ጎንደር ላይ በዚያው ልክ ይጮሃል ብሎ ማሰብ አይቻልም፤ የሩማቲክ የልብ ሕመምና ቲቢ በሚበዛበት አገር ደረት የሚያምበት ምክንያት ሌላ ነው። እዚያው መቆጠር አለበት።

ይህን ሁሉ ለአጎቴ ያወራሁላቸው ባለፈው እሑድ ቡና ላይ ነው። አምስቱን ነገሮች በጣቴ እየቆጠርኩ፣ ስኒ እየደረደርኩ። ዕድሜ ላይ ስደርስ «62 ስለሆኑ አንድ ነጥብ» አልኩ።

«62?» አሉ፤ አቦሉን ፉት ብለው። «እሱ የወረቀቱ ነው። ትምህርት ቤት ሲያስመዘግቡኝ አራት ዓመት ቀንሰው ነው ያስገቡኝ።»

ስኒዎቹን እንደገና ቆጠርኳቸው። አራት።

«ጋሼ፣ ታዲያ ለሐኪሙ ለምን አልነገሩትም?»

«አልጠየቀኝማ። ያየው መታወቂያዬን ነው።»

በማግስቱ፣ ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ፣ እሳቸው እየተቆጡ እኔ ስልኩን ይዤ ለመደበኛ ሐኪማቸው ደወልኩ። ቀጠሮው ለረቡዕ ነው። የሚመለከተው ሰው የልደት ቀናቸውን ሲጠይቅ ምን እንደምል ገና አልወሰንኩም።